ብር ተዋጥቷል፣ ለቀበሌያችን ጤና ምን ይሰራበት? ስድስቱን አማራጮች ጎን ለጎን

ይሄን ያስፃፈኝ የኛ የተወላጆች ግሩፕ ላይ ለሶስት ሳምንት የተጨቃጨቅነው ነገር ነው። ብሩ ተሰብስቧል፣ ለሀገር ቤት ሰው ጤና ይዋል በሚለውም የተቃወመ የለም፣ ከዛ በኋላ ግን አንዱ ክሊኒክ እንገንባ ይላል፣ አንዷ አምቡላንስ ካልገዛን ትላለች፣ ዋሽንግተን ያለው ልጃችን ደግሞ አምስት ሀኪም ይዤ ሀምሌ ላይ እመጣለሁ ብሎ ፎቶ ሁሉ መለጠፍ ጀምሯል (ሀምሌ! ወንዙን በምን ሊሻገረው እንደሆነ እንጃ)። እኔ ነርስ ነኝ፣ አዲስ አበባ ከመግባቴ በፊት ስድስት ዓመት ገጠር ጤና ጣቢያ ሰርቻለሁ። ግሩፑ ላይ በየቀኑ ቮይስ ከምልክ አንዴ ልፃፈውና ሌላም ማህበር ወይ እድር እንዲህ አይነት ጭቅጭቅ ውስጥ ካለ ይጠቀምበት ብዬ ነው።

የማወራው ስለ ገበሬ ቀበሌ ነው፣ አስፋልት የራቀው፣ መኪና በበጋ ብቻ የሚገባበት ወይ ጭራሽ የማይገባበት። አርብቶ አደር አካባቢ ሂሳቡ ሌላ ነው፣ ወደ መጨረሻ ላይ ትንሽ እላለሁ።

መጀመሪያ እዛ ያለውን እንወቅ

ሰው ከሀገር ቤት ከወጣ ሲቆይ "እኛ ጋ ኮ ምንም የለም" ብሎ ነው ወሬ የሚጀምረው። አብዛኛው ቀበሌ ግን ባዶ አይደለም። በ1995 ዓ.ም የተጀመረ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሚባል አለ፣ ሀሳቡ ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ህዝብ፣ አንድ ጤና ኬላና መንግስት ደሞዝ የሚከፍላቸው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነው፣ ሴቶች ናቸው፣ የተመለመሉትም ከዛው አካባቢ ነው። ድሮ ሽንት ቤት አስቆፍሪ፣ ክትባት ስጪ ብቻ ነበር የሚባሉት። አሁን ግን የህፃን ሳንባ ምች ያክማሉ፣ ወባን ከጣት ደም ወስደው እዛው መርምረው መድሃኒት ይሰጣሉ፣ ለተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ አላቸው፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ (ኢምፕላንት) ያስገባሉ፣ የልጁን ክንድ ለክተው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ፕላምፒ ነት (በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠውን የኦቾሎኒ ምግብ) ያስጀምራሉ። እነዚህን ልጆች አሳንሶ ማየት የከተማ ሰው በሽታ ነው።

አምስት ያህል ጤና ኬላ አንድ ጤና ጣቢያ ስር ነው፣ ጤና ጣቢያው ገጠር ላይ እስከ 25,000 ሰው ይይዛል፣ አዋላጅ ነርስ ያለችው እዛ ስለሆነ የሚወለደውም እዛ ነው። ከሱ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ፣ ኦፕራሲዮን ያስፈለጋት ሴት ወደዛ ትላካለች።

ይሄ አሰራር ስንት ጉድለት እያለውም ሰው አድኗል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ህፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2016ቱ ወደ 67 ወርዷል። ጤና ተቋም ሄደው የሚወልዱት ደግሞ በ2000 ከመቶ 5 ነበሩ፣ በ2019 48 ደርሰዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው እናት ግን ያኔም እቤት ነበር የሚወልደው፣ እነዛ ደግሞ በአብዛኛው የኛ አይነት ቀበሌ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄያችን "ምን እንፍጠር" ሳይሆን "ያለው የት ላይ ነው የተበጠሰው" መሆን አለበት ባይ ነኝ።

በምን እንመዝን

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት አምስት ጥያቄ ላስቀምጥ፣ ያለዛ ሁሉም የወደደውን ይዞ ይከራከራል።

አንደኛው፣ ሰው የሚጎዳው የቱ ጋ ነው? ጤና ላይ የሰራ ሰው ሶስቱ መዘግየቶች የሚላቸውን ያውቃል፦ እቤት ውስጥ "ይሻላት ይሆናል" እየተባለ የሚያልፈው ሰዓት፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው፣ ተቋሙ ጋ ተደርሶም መብራት የለም፣ ባለሙያ የለም፣ መድሃኒት አልቋል ተብሎ የሚያልፈው። ለመንገድ ችግር ህንፃ አትሰራም፣ ለመድሃኒት ችግርም አምቡላንስ አትገዛም።

ሁለተኛው ከሁሉም የሚረሳው ነው፣ የሁለተኛውን ዓመት ማን ይከፍላል? የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉም ሰው ይከፍላል፣ ሪባን የሚቆረጠው ያኔ ነው።

ሶስተኛ፣ ከወረዳው ጤና ጽህፈት ቤት እቅድ ጋር ይገጥማል ወይ፣ ምክንያቱም ባለሙያ የሚመድበውም መድሃኒት የሚያወርደውም እሱ ነው። አራተኛ፣ ሀምሌ ላይ ይሰራል? አምስተኛ፣ ከመንደሩ ራቅ ብላ ቁልቁለቱ ስር ያለችው፣ ስብሰባ የማትመጣው ሴትዮ ምን ታገኝበታለች?

አሁን አንድ በአንድ።

አዲስ ጤና ኬላ ወይም ክሊኒክ መገንባት

ሁሉም የሚወደው ይሄን ነው፣ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በር ላይ ስም ይፃፍበታል። እኔ ደግሞ ከስድስቱ በጣም የምጠረጥረው እሱን ነው።

በሰራሁበት ወረዳ አንድ ቀበሌ ላይ የተወላጆች ማህበር ያሰራው አራት ክፍል ነበር፣ ቆንጆ ቤት፣ ሴራሚክ ሁሉ የተነጠፈለት። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ አንድ በሽተኛ አልታከመበትም። ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነበር፣ ሁለቱ ክፍል ማዳበሪያ ተቆልሎበታል፣ አንዱ ውስጥ ምርጫ ሰሞን የመጣ ኮሮጆ አለ። ለምን ቢባል ወረዳው እቅዱ ውስጥ አልነበረም፣ እቅድ ውስጥ የሌለ ተቋም የሰራተኛ መደብ የለውም፣ መደብ ከሌለ ደሞዝ የለም፣ ደሞዝ ከሌለ ቤቱን ማን ይክፈተው? ማህበሩ ግንባታውን ጨርሶ ሊያስረክብ ሲመጣ ነው ይሄን የሰማው።

ራሳችን ነርስ እንቀጥራለን የሚል አለ። ጥሩ፣ ፈቃድ ይወጣል፣ ደሞዝ በየወሩ ይከፈላል፣ መድሃኒት ይገዛል፣ ነርሱ ከተማ ስራ ሲያገኝ ሌላ ይፈለጋል፣ ይሄ እንግዲህ መዋጮ አይደለም፣ ድርጅት ማስተዳደር ነው። ሌላም ነገር አለ፣ መንግስት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ፍኖተ ካርታ ጤና ኬላዎቹን ሁሉ እኩል የማስቀጠል ሀሳብ የለውም፣ ራቅ ያሉት ነርስና አዋላጅ ጭምር ኖሯቸው ሰፋ እንዲሉ፣ ጤና ጣቢያ አጠገብ ያሉት ደግሞ ከጤና ጣቢያው ጋር እንዲዋሃዱ ነው። የናንተ ቀበሌ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳትጠይቁ መሰረት ካወጣችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚዘጋ ቤት ልትሰሩ ትችላላችሁ።

አልፎ አልፎ ግን ትክክለኛው ምርጫ ይሄው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ትግራይ፣ አማራና አፋር ላይ ስንቱ ጤና ኬላ ተዘርፏል፣ ፈርሷል፣ እዛ ጤና ኤክስቴንሽኗ አለች፣ መደቡ አለ፣ የሌለው ቤቱ ነው፣ ስለዚህ መልሶ መስራት ከሁሉም ይቀድማል። ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ወረዳው ባለሙያ እመድባለሁ ብሎ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ሳይሰጥ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አትግዙ።

ያለውን ጤና ኬላ ማስተካከል

ፎቶ አይሆንም፣ ለዛ ነው መሰለኝ ማንም የማያነሳው። ግን ሂዱና አንድ ጤና ኬላ ግቡ፦ ጣሪያው ያፈሳል፣ ውሃ የለም፣ መብራት የለም፣ መጋረጃ ስለሌለ ሴትዮዋ ኢምፕላንት ሊገባላት ስትል ወረፋ የያዘው ሁሉ ያያታል፣ ካርዱ መደርደሪያ አጥቶ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉም ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ምን መሰላችሁ፣ የባለሙያዎቹ መኖሪያ ቤት። ጤና ኬላው "ሁልጊዜ ዝግ ነው" ተብሎ የሚታማበት ዋናው ምክንያት ስንፍና አይመስለኝም፣ ልጅቷ ቀበሌው ውስጥ የምታድርበት ቤት ስለሌላት ሁለት ሰዓት በእግር ከከተማ ነው የምትመላለሰው፣ ልጅ አላት፣ ዝናብ አለ፣ አራት ሰዓት ደርሳ ስምንት ሰዓት ላይ መመለስ ትጀምራለች፣ ከዛ ውስጥ ቤት ለቤት የምትዞርበት ቀን ሲቀነስ ጤና ኬላው በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ቆርቆሮ ክዳን፣ በር የሚቆለፍ፣ ሽንት ቤት ያለው፣ ጉልበቱን ቀበሌው ያዋጣል፣ ማህበሩ ቆርቆሮና ሚስማር፣ በር፣ መስኮት ይገዛል፣ አለቀ። ማታ የታመመ ልጅ ይዞ የሚያንኳኳ ሰው የሚያንኳኳበት በር አገኘ ማለት ነው።

ውሃን በተመለከተ ብዙ ቦታ ጉድጓድ ማስቆፈር አያስፈልግም፣ ጣሪያው ላይ አሸንዳ አድርጎ ሮቶ ማስቀመጥ ክረምቱንና ከዛ በኋላ ጥቂት ወር ያስኬዳል፣ በጋ ላይ ግን ይደርቃል፣ ይሄን ደብቄ አልሸጥላችሁም። ሶላር ጥሩ ነው ግን ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሞታል፣ የሚተካበት ብር ዛሬውኑ ለብቻ ይቀመጥ። ፍሪጅን ግን በራሳችሁ አትግዙ፣ የቤት ፍሪጅ ለክትባት አይሆንም፣ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው መቆየት ያለበት፣ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም የሚበላሽ አለ፣ ለዚህ ተብለው የተሰሩ ያለ ባትሪ በቀጥታ በፀሀይ የሚሰሩ ፍሪጆች አሉ፣ የሚከፋፈሉትም በመንግስት በኩል ነው፣ ወረዳውን ጠይቁ፣ ምናልባት ናንተ ጋ የተመደበው ፍሪጅ ጤና ጣቢያ ግምጃ ቤት ውስጥ የሚያመጣው መኪና አጥቶ ቁጭ ብሎ ይሆናል። እንዲህ አይነት ነገር በአይኔ አይቻለሁ፣ ያኔ የሚያስፈልገው የአንድ ቀን አይሱዙ ኪራይ ብቻ ነበር።

የእናቶች ማቆያ

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የምትሰራ ቤት ናት፣ ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ ሁለት ሶስት ሳምንት ቀድማ መጥታ እዛ ትቀመጣለች፣ ምጥ ሲይዛት አዋላጇ አጠገቧ ናት። አዲስ ነገር አይደለም፣ ጉራጌ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ይሄን ሲሰራ ኖሯል፣ በኋላ ነው መንግስት በየጤና ጣቢያው ያስፋፋው። የመንገዱን መዘግየት ከነጭራሹ የሚያጠፋ ብቸኛ አማራጭ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም መንገዱ የሚታለፈው ምጥ ሳይመጣ፣ በእግር፣ በቀን ነው።

ግን ተጠንቀቁ፣ እዚህም ላይ ቤቱን ሰርተው የሚሄዱ አሉ። እኔ የነበርኩበት ጤና ጣቢያ ማቆያው አምስት አልጋ ነበረው፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። አንዷን እናት ለምነን አስገብተናት በሶስተኛው ቀን ጠፋች፣ ኋላ ስንጠይቃት ምን አለች፣ "እናንተ ጋ ተኝቼ የምበላው የለ፣ ልጆቼን ለጎረቤት ትቼ፣ ላሟስ ማን ይለባት?" ትክክል ናት። ከቤቷ ስንቅ ይዛ መጥታ ሲያልቅባት ጠፋች፣ ምጧ መጥቶ እቤቷ ወለደች፣ ማርያም ማረቻት እንጂ አራተኛ ልጇ ነበር፣ ከዛ በፊትም ደም ፈሷት ያውቃል።

ስለዚህ ማቆያ ማለት ምግብ ማለት ነው። ጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ማገዶ፣ ቡና፣ የገንፎ እህል፣ አብራት የምትመጣ አንድ ሴት የምትተኛበት ፍራሽ፣ ምግብ የምታበስል አንዲት ሰራተኛ። ደህና የሚሰሩት ቦታዎች ከመኸር በኋላ ቀበሌዎቹ እህል ያዋጣሉ፣ ማህበር የጎደለውን ይሞላል። ብዙ ጤና ጣቢያ ቤቱ አስቀድሞ ስላለ የናንተ ስራ ወጥ ቤቱን ማስኬድ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ደግሞ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለሚያዋጣ ግሩፕ ልክ ተለክቶ እንደተሰፋ ልብስ ነው። ላሟን በተመለከተ መልስ የለኝም፣ ጎረቤትና አማት ይነጋገሩበት።

አምቡላንስና ሌላው መጓጓዣ

አምቡላንስ ስንል ላንድክሩዘር ነው የሚታየን። አንድ ወረዳ ቢያንስ አንድ አምቡላንስ እንዲኖረው መንግስት ካከፋፈለ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ችግሩ ብዙ ቦታ መኪና ማጣት ሳይሆን ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ አንዳንዴም ይቅርታ ይደረግልኝና ባለስልጣን ስብሰባ ማድረስ ነው። ሁለተኛ መኪና ብትገዙም የሚሄደው እዛው ችግር ውስጥ ነው። ቀረጡ፣ ሹፌሩ፣ ኢንሹራንሱ ሳይነሳ ማለት ነው።

እና ከመግዛት በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፣ መኪናው የሚደርሰው የት ድረስ ነው? ከቤቷ እስከ መኪናው መንገድ ያለው ሁለት ሰዓት ቁልቁለት ከሆነ የሚያስፈልጋት ቃሬዛ ነው። ገጠር ላይ የቃሬዛ ነገር በእድር በኩል የታወቀ ነው፣ ተረኛ ወጣቶች አሉ፣ ስልክ ሲደወል ይወጣሉ። ጠንካራ የሸራ ቃሬዛ፣ የዝናብ ልብስ፣ ባትሪ፣ ለተረኞቹ የሞባይል ካርድ፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ የአምቡላንስ ጎማ መቀየሪያ አይሆንም። ደልዳላ መንገድ ካለ ደግሞ ባጃጅ ወይ ሞተር ያለው ልጅ ጋ ውል ገብቶ በምልልስ መክፈል ይቻላል፣ ንብረቱ የራሱ ስለሆነ ይጠብቀዋል። አቀበት ቁልቁለት በበዛበት ግን ለምጥ ሞተር አልመክርም።

ጥሩው ቅንጅት፣ ቃሬዛው ሰፈር፣ የመንግስት አምቡላንስ መንገዱ ጫፍ፣ የማህበሩ ብር ደግሞ አምቡላንሱ ነዳጅ ሲያጣ የሚሞላበት ተቀማጭ። ነዳጁን ማደያ ላይ በቀጥታ ክፈሉ፣ በእጅ አትስጡ።

የጤና መድን መክፈል

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳ በሙከራ ተጀምሮ አሁን አብዛኛው ወረዳ ገብቷል። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ከዛ ጤና ጣቢያ ሲታከም አይከፍልም፣ ሪፈር ተፅፎለት ሲሄድም ሆስፒታል ይሸፈንለታል። መነፅርና ሰው ሰራሽ ጥርስ የመሳሰለው አይገባም። ምዝገባው ብዙ ቦታ ከመኸር በኋላ ነው፣ ገበሬው እጁ ላይ ብር ባለበት ሰሞን።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ እቅድ፣ የቲቢ ህክምና መንግስት ጋ ድሮም ነፃ ነው፣ ስለዚህ መድን የሚጠቅመው ለሌላው በሽታ ነው፣ ለአባወራው ጨጓራ፣ ለእማማ ደም ግፊት፣ ለልጁ ስብራት፣ በሬ የሚያሸጠው ደግሞ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የድሃ ድሃ ተብለው በቀበሌ ለተመረጡት መንግስት ነው የሚከፍልላቸው፣ ማህበር መድረስ ያለበት ከነሱ ትንሽ ከፍ ብለው ዝርዝሩ ውስጥ ላልገቡት ነው፣ ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን እኩል የምታሳርስ፣ እንዲህ ያሉት።

ደካማ ጎኑ ግልፅ ነው፣ ጤና ጣቢያው መድሃኒት ከሌለው ካርዱ ወረቀት ነው፣ "ከውጭ ግዙ" ተብሎ ወረቀት የሚሰጠው አባል በዓመቱ አያድስም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ካርድ ላላቸው አምስት ሰዎች ደውሉና መጨረሻ ስትታመሙ መድሃኒቱን ከየት አገኛችሁ በሏቸው።

የሀኪሞች ዘመቻና ከውጭ የሚላክ መድሃኒት

በአንድ ሳምንት 800 ሰው አየን ይባላል። አይተው ምን አደረጉ? ደም ግፊት አለብሽ ተብላ የአንድ ወር ኪኒን የተሰጣት ሴት በሁለተኛው ወር ምን ትዋጥ? የኛን ልጆች ቅን ልብ አልጠላም ግን እንዲህ ያለው ዘመቻ ከአየር ትኬቱ ጀምሮ ሲቆጠር ውድ ነው።

የማያከራክረኝ አንድ አለ፣ የአይን ቀዶ ህክምና። ሞራ የሸፈነው አይንና በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የዞረ አይን አጭር ኦፕራሲዮን ናቸው፣ በልጅ ልጇ እጅ ተመርታ የመጣች አሮጊት በራሷ እግር ትመለሳለች። በትራኮማ ደግሞ ከዓለም ከባዱ ሸክም ያለው እኛው ሀገር ነው። ልጃችን የአይን ሀኪም ከያዘ ይምጣ፣ በጥር።

በሻንጣ የሚመጣ መድሃኒት ይቅር። ፈቃድ ይፈልጋል፣ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ ሊቀረው ይገባል፣ እንግሊዝኛ ያልሆነ ፅሁፍ ያለበት ካርቶን ስንቱን ቆፍረን አቃጥለናል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | መነሻ ወጪ | የየዓመቱ ወጪ | ሀምሌ ላይ | ይበልጥ የሚጠቅመው | የኔ ፍርድ |
|---|---|---|---|---|---|
| አዲስ ግንባታ | በጣም ከፍተኛ | ከፍተኛ | ባለሙያ ካደረበት ይሰራል | ቤቱ የፈረሰበት ቀበሌ | ደብዳቤ ከሌለ ይቅር |
| ያለውን ማስተካከል፣ የባለሙያ ቤት | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ይሰራል | ህፃናት፣ ሁሉም ሰው | መጀመሪያ ይሄ |
| የእናቶች ማቆያ | ቤቱ ካለ ዝቅተኛ | መካከለኛ፣ የማያቋርጥ | በደንብ ይሰራል | ሩቅ ያለች ነፍሰ ጡር | በጣም ጥሩ፣ ምግብ ካለ |
| አምቡላንስ መግዛት | በጣም ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | ወንዙ ላይ ይቆማል | መንገድ ዳር ያለ | አልመክርም |
| ቃሬዛና የነዳጅ ተቀማጭ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ቃሬዛው ይሰራል | ቁልቁለት ስር ያለ | ከምንም ጋር ይጨመር |
| የጤና መድን | የለም | በቤተሰብ ቁጥር ልክ | ይሰራል | ከድሃ ድሃ ትንሽ ከፍ ያለ | መድሃኒት ካለ |
| ዘመቻ | ከፍተኛ | ሲመጡ ብቻ | አይሞከርም | የአይን ህመምተኛ | ለአይን ብቻ |

እንደየአቅማችሁ

ሃያ ሰላሳ ሰው ሆናችሁ በቴሌብር በየወሩ የምታዋጡ ከሆናችሁ ግንባታ የሚባለውን እርሱት፣ ቃሬዛና የማቆያው ወጥ ቤት፣ ጥር አካባቢ ላይ ደግሞ ለተወሰኑ ቤተሰቦች መድን። አንዴ ደህና ብር ያላችሁ ግን በየዓመቱ ማዋጣት የማትችሉ ከሆናችሁ፣ ሰርግ ላይ የተሰበሰበም ይሁን አንድ ሰው ያወጣው፣ የባለሙያ ቤት፣ ሮቶ፣ ጣሪያ፣ መጋረጃ፣ ምክንያቱም ተሰርቶ ካለቀ በኋላ እናንተን አይጠይቅም።

ትልቅ ብር ያለው ማህበር ከሆነ ደግሞ እኔ ብሆን የማስበው ሰው ላይ ነው። ከቀበሌው አንድ ሁለት ልጃገረድ አዋላጅነት ማስተማር፣ የፊስቱላ ሆስፒታሉ ድርጅት ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ2007 የከፈተው የአዋላጆች ኮሌጅ ሀሳቡ እንዲህ ነው፣ ከገጠር ይመለምላል፣ አስተምሮ ወደዛው አካባቢ ይመልሳል። ተመልሳ ትቀራለች ወይ የሚለው እውነተኛ ስጋት ነው፣ ግን ወላጆቿ እዛው ያሉ ልጅ ከከተማ ከተመደበች ልጅ ይልቅ የመቆየት እድሏ ሰፊ ነው፣ ማደሪያ ቤት ከሰራችሁላት ደግሞ ይበልጥ።

ቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ አጠገብ ከሆነ ጤና ኬላውን ትታችሁ ጤና ጣቢያው ላይ አተኩሩ፣ የማዋለጃ ክፍሉ መብራትና ውሃ አለው ወይ በሉ፣ በሞባይል ባትሪ ስንት ጊዜ አዋልጃለሁ። አርብቶ አደር አካባቢ፣ አፋርም ሶማሌም ቦረናም፣ ህዝቡ ከብቱን ተከትሎ ሲንቀሳቀስ የቆመ ቤት ትርጉሙ ይቀንሳል፣ እዛ ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን ነው የሚሰራው፣ መኪናና ነዳጅ ዋና ወጪ የሚሆንበት ቦታም እሱ ነው፣ ከላይ አምቡላንስ ላይ ያልኩት እዛ አይሰራም።

ብሩን ከመላካችሁ በፊት

ለሊቀመንበሩ ብቻ አትደውሉ፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ደውሉ፣ የገበያ ቀን ማታ፣ ያኔ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ትሆናለች። ሶስት ነገር ጠይቋት፦ ባለፈው ወር የትኛው መድሃኒት ስንት ቀን አልቆብሽ ነበር፣ የት ነው የምታድሪው፣ በዚህ ዓመት እቤታቸው የወለዱት ለምን ይመስልሻል። መልሷን ግሩፑ ላይ እንደወረደ ለጥፉት። ከዛ ወረዳው ጋ አንድ ገፅ ስምምነት ይፃፍ፣ ማን ምን ይከፍላል፣ እስከመቼ፣ ንብረቱ የማነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጣል። እኛ ጋ አሁን እዚህ ደረጃ ላይ ነን፣ ልጅቷ ስትጠየቅ መጀመሪያ ያለችው "የሚቆለፍ በር ያለው ማደሪያ" ነበር፣ ክሊኒክ ይሰራ ሲል የነበረው ሰውዬ አርባ ቆርቆሮ በኔ ብሏል፣ የዋሽንግተኑ ልጅ ትኬቱን ወደ ጥር አዙሯል፣ ሚስማሩንና በሩን ማን እንደሚገዛ ገና እየተጨቃጨቅን ነው።